ቅጹም የእርዳታው አካል ነው

አንድ የድኻ ልጅ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወደ ከፍተኛ ትምህርት ተቋም የሚሸጋገርበት መንገድ በምን በምን እንደሚወሰን ብትጠየቁ፣ አብዛኞቻችሁ «በችሎታና በገንዘብ» ብላችሁ እንደምትመልሱ አልጠራጠርም። መልሳችሁ ትክክል ነው፤ ነገር ግን አልተሟላም። በችሎታውና በገንዘቡ መካከል አንድ ሦስተኛ ነገር አለ፤ እርሱም የማመልከቻ ቅጽ ነው። መንግሥት ለድኻው ልጅ ገንዘብ መድቦ ሊያስቀምጥ ይችላል፤ ልጁም ለትምህርቱ የሚያበቃ ችሎታ ሊኖረው ይችላል፤ ሆኖም በሁለቱ መካከል ያለው ወረቀት አልሞላ ካለ፣ ገንዘቡ በካዝና፣ ልጁም በቤቱ ይቀራሉ። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚባለው እንዲህ ላለው እርዳታ ነው።

ስለዚህ ቅጹ ከእርዳታው ተለይቶ የሚታይ የጽሕፈት ቤት ጉዳይ ሳይሆን፣ ራሱ የእርዳታው አካል ነው እላለሁ። ይህን አሳብ ለማስረዳት የምመርጠው ምሳሌ በአሜሪካ አገር ከ2023 እስከ 2025 የደረሰው ነገር ነው። የምመርጥበትም ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛ፣ ለውጡም ጥፋቱም በአደባባይ የተፈጸመና በመንግሥት ተቆጣጣሪዎች የተመረመረ ነው። ሁለተኛም፣ በዚያ አገር የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ኮሌጅ የሚያስገቡት በዚሁ ቅጽ በኩል ነው፤ ከእናንተም መካከል እኅቱ ወይም የአጎቱ ልጅ በዚያ ቅጽ የተጨነቀበት አይጠፋም። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ነገሩ ከየት እንደተነሣ እንመልከት። በአሜሪካ በመንግሥት ኮሌጆች እንኳ ተማሪው የትምህርት ክፍያ፣ የመጻሕፍት፣ የምግብና የመኝታ ወጪ አለበት። ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን የከፍተኛ ትምህርትን ሕግ የፈረሙት ኅዳር 8 ቀን 1965 ነው፤ ቦታውም ቴክሳስ ውስጥ ሳን ማርከስ በምትባል ከተማ፣ እርሳቸው ራሳቸው በተማሩበት ኮሌጅ ነበር። ጆንሰን በወጣትነታቸው ኮቱላ በተባለች ትንሽ ከተማ የድኾች የሜክሲኮ ተወላጆችን ልጆች አስተምረው ስለነበር፣ ድኽነት በትምህርት ላይ ምን እንደሚያደርስ በዓይናቸው አይተዋል። በ1972 ደግሞ ለተማሪው በቀጥታ የሚሰጥና የማይመለስ የገንዘብ እርዳታ በሕግ ተቋቋመ። ይህም እርዳታ ከ1980 ጀምሮ በሴናተር ክሌይቦርን ፔል ስም ይጠራል። በ2024 እና በ2025 መካከል ባለው የትምህርት ዘመን ከፍተኛው መጠን 7,395 ዶላር ነበር። ከዚህ ሌላ መንግሥት የሚያበድረው ገንዘብ፣ እየተማሩ ሠርቶ የሚገኝ ደመወዝ፣ ክፍለ ግዛቶችና ኮሌጆችም በየራሳቸው የሚሰጡት እርዳታ አለ።

እንግዲህ የዚህ ሁሉ በር አንድ ነው። በ1992 በወጣው ሕግ መሠረት ተማሪው ያለ ክፍያ የሚሞላው አንድ የፌዴራል ማመልከቻ ተዘጋጀ፤ በእንግሊዝኛ ስሙ ምሕፃር ፋፍሳ ይባላል። ያለ ክፍያ መሆኑ መልካም ነበር። ነገር ግን ገንዘብ የማያስከፍለው ወረቀት ሌላ ነገር ያስከፍል ነበር። ከ100 በላይ ጥያቄዎች ነበሩበት። የወላጆች ደመወዝ፣ ግብር የሚከፈልበትና የማይከፈልበት ገቢ፣ በባንክ ያለ ገንዘብ፣ የቤተሰቡ ቁጥር፣ የመሳሰለውም ሁሉ በየዓመቱ እንደ አዲስ ይጠየቃል። ልብ በሉ፤ ይህን ሁሉ እንዲመልስ የሚገደደው ጠበቃና የሒሳብ ሠራተኛ ያለው ባለጸጋ አይደለም። ሌሊት ሌሊት ሆስፒታል የምታጸዳው እናትና ታክሲ የሚነዳው አባት ናቸው። የቴነሲው ሴናተር ላማር አሌግዛንደር የቅጹን ወረቀት በጉባኤ ላይ እየዘረጉ ርዝመቱን ለሥራ ባልደረቦቻቸው ያሳዩ ነበር። በ2014ም ከኮሎራዶው ሴናተር ከማይክል ቤኔት ጋር ሆነው፣ ቅጹ ሁለት ጥያቄዎች ብቻ እንዲኖሩት የሚል የሕግ ረቂቅ አቀረቡ። ሁለቱ ሰዎች ከተለያዩ ፓርቲዎች የመጡ መሆናቸው ጉዳዩ የፖለቲካ ጎራ ብቻ እንዳልነበረ ያስረዳል።

ምናልባት ከእናንተ አንዱ «ቅጽ መሙላት ያቃተው ሰው እንዴት ኮሌጅ ሊማር ይችላል?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ጥያቄው ብልህ ይመስላል፤ ግን በፈተና ወድቋል። በ2008 አራት ተመራማሪዎች በኦሃዮና በሰሜን ካሮላይና አንድ ሙከራ አደረጉ። ገቢያቸው አነስተኛ የሆነ ቤተሰቦች የዓመት ግብራቸውን ለማስላት ኤች ኤንድ አር ብሎክ ወደተባለው ድርጅት ሲመጡ፣ የድርጅቱ ሠራተኞች ለአንዳንዶቹ የተማሪ እርዳታውን ቅጽ እዚያው እንዲሞሉ ረዷቸው። ለግብሩ የቀረበው ማስረጃ ለቅጹም የሚያገለግል ስለነበር፣ ተጨማሪው ሥራ በአማካይ 10 ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። ለሌሎቹ ደግሞ ምን ያህል እርዳታ ሊያገኙ እንደሚችሉ ብቻ ተነገራቸው፤ ቅጹን ግን ራሳቸው እንዲሞሉ ተተዉ። ከሦስት ዓመት በኋላ ውጤቱ ሲታይ፣ በወላጆቻቸው እጅ ካሉት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች መካከል ያልተረዱት ከ100 28ቱ ሁለት የኮሌጅ ዓመታት ፈጽመው ሲገኙ፣ የተረዱት ግን ከ100 36 ሆኑ። ወሬው ብቻ የተነገራቸው ምንም ለውጥ አላሳዩም።

በዚህ ላይ ጥቂት እንቆይ፤ ነገሩ ሊታለፍ አይገባምና። የልጆቹ ችሎታ ያው ነው። የእርዳታው ገንዘብም ያው ነው። የተጨመረው ነገር አጠገባቸው ተቀምጦ የረዳቸው ሰውና ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ያ ጥቂት ደቂቃ ግን ከመቶ ስምንት ወጣቶችን ከአንድ የሕይወት መንገድ ወደ ሌላው አሸጋገረ። ወሬው ብቻ የተነገራቸው አለመለወጣቸውም ሌላ ነገር ያስተምራል። ባለሥልጣኖች «ለሕዝቡ ማስታወቂያ ነግረናል» ሲሉ ግዴታቸውን የፈጸሙ ይመስላቸዋል። የዚህ ሙከራ ውጤት ግን ማሳወቅና መርዳት አንድ እንዳልሆኑ ያሳያል።

ከብዙ ክርክር በኋላ በታኅሣሥ 2020 ቅጹን የሚያቃልለው ሕግ ወጣ። ዋና ዋና ለውጦቹን ልንገራችሁ። የጥያቄዎቹ ቁጥር ለብዙዎች ከ40 በታች እንዲሆን ተደረገ፤ አንዳንዱ አመልካች እንዲያውም 18 ብቻ ይጠየቃል። የቤተሰቡን ገቢ በሚመለከት ተማሪው ቁጥር እየገለበጠ ከመጻፍ ይልቅ፣ ወላጆቹ ፈቃዳቸውን ሲሰጡ ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት በቀጥታ ለትምህርት ሚኒስቴሩ እንዲያስተላልፍ ሆነ። በአደንዛዥ ዕፅ ወንጀል ተፈርዶብህ ታውቃለህ ወይ የሚለው ጥያቄ ተሰረዘ። ቀድሞ ቤተሰቡ «ሊያዋጣ የሚጠበቅበት» እየተባለ የሚወጣው ስሌት በአዲስ መለኪያ ተተካ፤ በጣም ድኻ የሆነው ተማሪ መለኪያው ከዜሮ በታች እስከ 1,500 ሊወርድለት ይችላል። የመጀመሪያው ስም ብዙ ወላጆችን ያስደነግጥ እንደነበር ሳስብ፣ ስሙ መቀየሩ ብቻውን መልካም ሥራ ነው እላለሁ።

ከእነዚህ ሁሉ የምደግፈው ግብርን የሚመለከተውን ነው። መንግሥት በአንዱ እጁ የያዘውን ማስረጃ በሌላው እጁ ከድኻ መጠየቁ አስተዳደር ሊባል አይገባውም። ልጁ የተሳሳተ ቁጥር እንዳይጽፍም፣ የሚዋሽም እንዳይዋሽ የሚከለክለው ይኸው አሠራር ነው።

ይሁን እንጂ ቀላል ማድረግ ሁሉ ፍትሐዊ ማድረግ አይደለም። አዲሱ ሕግ አንድ ቤተሰብ በአንድ ጊዜ ሁለትና ሦስት ልጆች ኮሌጅ ሲያስገባ ያገኝ የነበረውን ቅናሽ አስቀረ። የቤተሰብ እርሻና አነስተኛ የንግድ ቤት ቀድሞ በሀብት አይቆጠሩም ነበር፤ በአዲሱ ሕግ እንዲቆጠሩ ሆነ። ከገጠር የመጣችሁ ተማሪዎች ይህን ከማንም ይበልጥ ትረዱታላችሁ። ገበሬ መሬቱና በሬው ሲገመቱ ሀብታም ሊመስል ይችላል፤ ግን የልጁን ትምህርት ለመክፈል ብሎ በሬውን ከሸጠ በሚቀጥለው ዓመት በምን ያርሳል? ይህ ጉድለት የታረመው በሐምሌ 2025 በወጣ ሌላ ሕግ ሲሆን፣ እርማቱም ከ2026 የትምህርት ዘመን ጀምሮ እንዲሠራ ተወሰነ። ጥያቄ ሲቀነስ ከጥያቄው ጋር አብሮ የሚቀነሰው ምን እንደሆነ አስቀድሞ መመርመር ይገባ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ጥፋት እንምጣ። አዲሱ ቅጽ በመጀመሪያ ከተባለለት ዘመን በአንድ ዓመት ዘግይቶ፣ ከ2024 መስከረም ለሚጀምረው ትምህርት እንዲደርስ ተቀጠረ። ቅጹ በየዓመቱ ጥቅምት 1 ቀን መከፈቱ የተለመደ ነበር። ሕጉ ግን ከጥር 1 ቀን 2024 እንዳያልፍ ብቻ ያስገድድ ስለነበር፣ መሥሪያ ቤቱ በኮምፒዩተር መረብ ላይ የከፈተው ታኅሣሥ 30 ቀን 2023 ነው። ያን ጊዜም ቢሆን ለጥቂት ጥቂት ሰዓት ይከፈትና ይዘጋ ነበር። የተከፈተላቸውም ልጆች ችግር በችግር ላይ ገጠማቸው። አንዳንዱ ያስቃል፤ በ2000 ዓመተ ምሕረት የተወለደ አመልካች ከአንድ ገጽ አልፎ መሄድ አይችልም ነበር። አንዳንዱ ግን አያስቅም። ስሌቱ የዋጋ ንረትን ሳያስገባ ተዘጋጅቶ ስለነበር፣ እንደዚያው ቢቀር ኖሮ ተማሪዎች 1.8 ቢልዮን ዶላር ያህል እርዳታ ያጡ ነበር። ይህን ለማረም ሲባል የተማሪዎቹ ማስረጃ ለኮሌጆች መድረስ የጀመረው በመጋቢት 2024 አጋማሽ ነው። በዚያ ወር በሌላው ዓመት ተማሪው የእርዳታውን ደብዳቤ ይዞ ኮሌጆችን የሚያማርጥበት ጊዜ ነበር።

ቤተሰቦች ስልክ ደወሉ። የመንግሥት ሥራና ሒሳብ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በመስከረም 2024 ባወጣው ዘገባ መሠረት፣ በመጀመሪያዎቹ አምስት ወራት ከተደወለው 5.4 ሚልዮን ስልክ ውስጥ 4 ሚልዮን ያህሉ መልስ አላገኘም። በዌስት ቨርጂኒያ ክፍለ ግዛት ነገሩ ስለጠና፣ አገረ ገዢው በሚያዝያ 2024 መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አውጥተው፣ የክፍለ ግዛቱ እርዳታ በፋፍሳ እንዲያልፍ የሚጠይቀውን ግዴታ ለጊዜው አነሡ። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ለጎርፍና ለእሳት ቃጠሎ ይታወጅ ነበር፤ ለቅጽ ሲታወጅ ማየት ግን እንግዳ ነገር ነው።

በዚህ መካከል እጅግ የተጎዳው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? በአዲሱ አሠራር ተማሪው ብቻ ሳይሆን ወላጁም የራሱን የመግቢያ መለያ ከፍቶ ፈቃዱን መስጠት አለበት። ወላጅ ፈቃዱን ካልሰጠ፣ ልጁ የፌዴራሉን እርዳታ አያገኝም። መለያውን ለመክፈት ደግሞ ሶሻል ሴኩሪቲ የሚባለው ቁጥር የሌለው ወላጅ ማንነቱን በሌላ መንገድ ማረጋገጥ ነበረበት፤ ያ መንገድ ግን ለብዙ ሳምንታት አልሠራም። በሕጉ ልጁ ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ፣ ወይም ጥገኝነት የተፈቀደለት ከሆነ እርዳታው ይገባዋል፤ የወላጁ ሁኔታ አያግደውም። ሕጉ ያላገደውን ኮምፒዩተሩ አገደው።

በኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ዘንድ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡ። አባት ቨርጂኒያ ወይም ሚኒሶታ፣ እናት አዲስ አበባ ወይም ጎንደር ሆነው፣ የቤተሰቡ ጉዳይ ገና በኤምባሲ የሚጓተትባቸው ጥቂት አይደሉም። እዚህ አገር ያለች እናት ያ ቁጥር የላትም፤ የእንግሊዝኛውን ጥያቄ የሚተረጉምላትም በሌላው የዓለም ጫፍ ያለው የ17 ዓመት ልጇ ነው። በዚያ ያሉት ወላጆችም ቢሆኑ ብዙውን ጊዜ ቅጹን የሚሞላላቸው ልጃቸው ነው። ልጁ አመልካች፣ አስተርጓሚና ጸሐፊ ሆኖ ሦስት ሰው የሚሠራውን ብቻውን ይሠራል። የባለጸጋው ልጅ ግን ቅጹ ቢዘገይ ምን ይጎድልበታል? አባቱ ቼክ ይጽፍለታልና በመጸው ወራት ኮሌጁ ይገባል። እርዳታው ስንት እንደሆነ ሳያውቅ ውሳኔ መስጠት የማይችለው ድኻው ነው። መዘግየት በሁሉም ላይ እኩል የሚወርድ ዝናብ አይደለም።

«ነገሩ የአንድ ዓመት መዘግየት ነው፤ ኋላም ተስተካክሏል» የሚሉ ሰዎች አሉ። ቁጥሩን ይመልከቱ። ያው ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እንደገለጸው፣ እስከ ነሐሴ 2024 መጨረሻ ድረስ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያመለክቱት ተማሪዎች ቁጥር ካለፈው ዓመት 9 ከመቶ ያህል ቀንሶ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያመለክት ማለት እንደ እናንተ ያለ፣ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገና የሚወጣ ወጣት ነው። ሠራተኛ ማሽን ሲበላሽበት ማሽኑን ይጠግናል፤ በ18 ዓመቱ ከኮሌጅ ደጃፍ ተመልሶ ሱቅ የተቀጠረን ልጅ ግን በሚቀጥለው ዓመት መልሶ ለማምጣት የሚችል ጠጋኝ ያለ አይመስለኝም።

ከዚህ የበረታ ተቃውሞም አለ፤ እርሱን ልሸሽ አልፈልግም። ገንዘቡ የግብር ከፋዩ ሕዝብ ስለሆነ ጥያቄና ማጣራት ያስፈልጋል የሚል ነው። እውነት ነው። በ2025 የትምህርት ሚኒስቴሩ በሰረቁት ስም ተመዝግበው እርዳታ የሚወስዱ አጭበርባሪዎች በመብዛታቸው፣ ከአዲስ አመልካቾች አንዳንዶቹ መታወቂያቸውን እንዲያሳዩ አዝዟል። እኔም ይህን አልነቅፍም። ነገር ግን የረዘመ ቅጽ ሌባን አያስቆምም። ሌባ ጊዜ አለው፤ ጥያቄውም የሥራው መሣሪያ ነው። በረጅሙ ቅጽ ተስፋ ቆርጦ የሚመለሰው እውነተኛው ችግረኛ ነው። ማጣራት የሚገባው መሥሪያ ቤቱ በራሱ እጅ ካለው ማስረጃ ጋር እያነጻጸረ፣ አጠራጣሪ የሆነውንም ለይቶ እየጠየቀ ነው እንጂ ሁሉንም በአንድ ላይ በማድከም አይደለም።

ለመሆኑ በሽታው እንዴት ዳነ? ፈውሱ ያን ያህል የረቀቀ አልነበረም። የሚቀጥለው ዓመት ቅጽ ከጥቅምት 1 ቀን 2024 ጀምሮ ለጥቂት መቶ ተማሪዎች ብቻ ተሰጠ፤ ስሕተቱ እየታየ ሲታረም ቁጥሩ ቀስ በቀስ ከፍ ተደረገ፤ ኅዳር 21 ቀንም ለሁሉም ተከፈተ። በታኅሣሥ 2024 በወጣ ሕግ ደግሞ ቅጹ በየዓመቱ ከጥቅምት 1 ቀን እንዳይዘገይ ታዘዘ። ለ2026 የትምህርት ዘመን የሚያገለግለውም መስከረም 24 ቀን 2025፣ ከቀኑ ቀድሞ ተከፈተ። አዲስ ድልድይ የሚሠራ መሐንዲስ ጭነት ሳያሳልፍበት ሕዝብ እንዲሻገርበት አይፈቅድም፤ የቀድሞውንም ድልድይ አዲሱ ሳይጸና አያፈርስም። በ2023 የተደረገው ግን ይህ ነበር፤ የተፈተነውም ድልድዩ ሳይሆን ተሻጋሪዎቹ ናቸው።

በአገራችን ሁኔታው የተለየ መሆኑን እገነዘባለሁ። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚገቡ ተማሪዎች በወጪ መጋራት ደንብ መሠረት ውል ይፈርማሉ፤ ድርሻቸውንም ከተመረቁና ገቢ ካገኙ በኋላ ይከፍላሉ። ስለዚህ በመግቢያው በር ላይ የቤተሰብን ኪስ የሚመረምር ረጅም ቅጽ አልቆመባችሁም። ነገር ግን ከእናንተ ብዙዎቹ ነገ በመሥሪያ ቤት ተቀምጣችሁ ለሌላው ሰው ቅጽ የምታረቁት እናንተ ትሆናላችሁ። ያን ጊዜ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ይህን ጠይቁ፦ መልሱን እኛው ራሳችን አናውቀውምን? የማናውቀው ከሆነስ ለውሳኔው በእርግጥ ያስፈልጋልን? ወረቀቱንም ከማሳተማችሁ በፊት ለአንዲት ቅጽ ሞልታ ለማታውቅ እናት ስጧትና አጠገቧ ተቀምጣችሁ ስትሞላ ተመልከቱ።

የአሜሪካው ማሻሻያም ቢሆን አልተፈጸመም። ተማሪው አሁንም በየዓመቱ እንደገና ማመልከት አለበት። ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት የቤተሰቡን ገቢ በየዓመቱ የሚያውቀው ከሆነ፣ ልጁና ወላጆቹ አንድ ጊዜ ፈቃዳቸውን ሰጥተው ለአራቱም የኮሌጅ ዓመታት የማይበቃበት ምክንያት አይታየኝም። ገቢው ከፍ ያለበት ቢኖር መሥሪያ ቤቱ ራሱ ያየዋል፤ አባቷ ከሥራ የወጣባት ተማሪ ደግሞ ለውጡን በአንድ ገጽ ታስታውቅ። ሌላው ግን ትምህርቱን ይማር።